አምስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ

መስከረም 12

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፦

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤዎ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ አሳንሰር ስጠግን ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ መዋሌ ደግሞ አባሰው ብለው ስለጻፉልኝ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ደህና ነን። እኔም ሥራ ሞልቶልኛል፤ የሰው ጥርስ እስከረገፈ ድረስ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት ሥራ አትፈታም።

የላኩልኝ ሰማያዊዋ ባለ ሁለት ወንበር የሞዴል መኪና በነሐሴ መጨረሻ ደረሰችኝ። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ተጨፍልቆ ነበር፤ ውስጡ ግን አንዲት መስታወት እንኳ አልተነካችም። በሦስት ሳምንት ገጣጥሜ ጨረስኳት። የጭስ ማውጫዋን ጫፍ በጥርስ መሰርሰሪያ ስለከፈትኩት ከእውነተኛው አይለይም። ባልደረባዬ፣ "ሰው ከሥራ ሲወጣ ያርፋል፤ አንቺ ከትንሽ ነገር ወጥተሽ ትንሽ ነገር ውስጥ ትገቢያለሽ" ትለኛለች። መደርደሪያዬ ላይ ሃያ ሁለት ሆነዋል፤ ሁሉም ከእርስዎ የመጡ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። አባቴ ጥር 18 ቀን ስድሳ ዓመት ይሞላዋል። ያቺን እርስዎና እሱ በሽርክና ገዝታችሁ ስታድሷት የነበረችውን ክፍቷን አረንጓዴ መኪና በአንድ ሃያ አራተኛ ልኬት ልሠራለት አስቤያለሁ። እንደሚያውቁት እናቴ ካለፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ግን የለንም። በዚያችው መኪና ልብስ ሰፊዋን ከገጨ በኋላ ሁሉ ነገር ተበላሸ። ታሰረ፣ የመንጃ አስተማሪነት ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ሲወጣም መጽሐፍ ጠራዥ ሆኖ ቀረ። እኔም ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩና ብዙ ተናገርኩት። አሁን ይቅር ልለው እፈልጋለሁ። በአፌ ልለው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል፤ በእጄ ብሞክረው ይሻላል።

የመኪናዋ ፎቶ ቤት ውስጥ የለም። ከእስር እንደወጣ ሁሉንም ቀዶ ጥሏል። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ፦ ወንበሮቹ ምን ቀለም ነበሩ? ቸርኬው ስንት ዘንግ ነበረው? የጎን መስታወቷ በአንድ በኩል ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? አንዳንዴ ትዝ የሚለኝ የሞተሯ ድምፅ ብቻ ነው።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ።
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 26

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፦

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ክፉ አይንካሽ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። እዚህ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ስድስቱም አሳንሰሮች በአንዴ ተበላሽተው መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ጉልበቴም እንዳለ ነው፤ ለምደነዋል።

ያሰብሽውን ሳነብ ልቤ ተነካ። ቢሆንም ልጄ፣ የተዳፈነ እሳት ባይቆሰቁሱት ይሻላል። ወንድም ጋሼ ያቺን መኪና ደግሞ ማየት የሚፈልግ አይመስለኝም። ፎቶዎቹን መቅደዱ ራሱ መልስ አይደለም? ለስድሳ ዓመት ሰው ጥሩ ሹራብ ይበቃዋል።

ዝርዝሩን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ረስቼዋለሁ። ወንበሮቹ ቡናማ ይመስሉኛል፤ ጥቁርም ሊሆኑ ይችላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። በምትኩ ባለ ጣሪያ የሆነች ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ልኬልሻለሁ። ተለጣፊዎቿ ብቻ ሰባ ሁለት ናቸው፤ እስከ ጥር ታዝናናሻለች።

ወንድም ጋሼን ሳሚልኝ። በስልክ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ከመባባል በላይ መሄድ አቅቶናል።

አጎትሽ


ኅዳር 15

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ቀይዋ ደርሳለች፤ እጅዎ አይጠር። ሹራብም ገዝቻለሁ፤ ሹራብ ሌላ፣ ሞዴል ሌላ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልበልዎ። ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁትን መኪና ፎቶ ስልክልዎ የመሪው ዘንግ አንድ ሚሊሜትር ያህል ዘምሟል ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ከፎቶ ላይ አንድ ሚሊሜትር የሚያይ ዓይን ይዞ የራሱን መኪና የወንበር ቀለም ይረሳል? ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ ተውኩት።

ለማንኛውም ቀይዋን አልማርኳትም። ጣሪያዋን በጥርስ መጋዝ ቆርጬ አነሳሁት፤ በሮቿን ለየሁ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በስቱኮ ደፍኜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። የእናንተዋ መኪና በቁመቷ ከዚች ብዙም አትለይም፤ ልክ ካገኘሁ ሌላውን ከጥርስ መሥሪያ ፕላስቲክ እቀርጸዋለሁ።

ልኩንም ሳላገኘው አልቀርም። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ለጥርስ ልኬት መጡ። ባትላሜራ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የተጨፈለቀ የመኪና ቆርቆሮ ሲያቀኑ የኖሩ። ስሜን ከነአባቴ ሲሰሙ፣ "የአስተማሪው ልጅ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ "የአባትሽ መኪና እኮ እስከ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ አለች። መጥቶ የወሰዳት የለም፣ እኔም ሆዴ እምቢ ብሎኝ አልበታተንኳትም፤ ሣር በቅሎባታል" አሉኝ። ወዲያው አፋቸውን የጥርስ መለኪያ ሊጥ ስለሞላሁት ከዚያ በላይ መናገር አልቻሉም። ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 27

ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ይኸው ዛሬውኑ በፈጣን ፖስታ መለስኩልሽ።

ወደዚያ ግቢ አትሂጂ። የዛገ ብረት ነው፤ እጅሽን ይቆርጥሽና ከሥራሽ ትቀሪያለሽ። ለጥርስ ሠሪ እጅ ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። የምትፈልጊውን ሁሉ እኔ እነግርሻለሁ፤ ቁጭ ብዬ ሳስብ መጣልኝ። ወንበሮቹ የገብስ ቀለም ያለው ቆዳ ናቸው፤ የግራው ጀርባ ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር የተሰፋ አንድ ስንጥቅ አለ። ቸርኬው ስምንት ዘንግ ነው። የጎን መስታወት ያላት በሾፌሩ በኩል ብቻ ነው። የማርሹ እጀታ ወንድም ጋሼ ራሱ የጠረበው እንጨት ነው፤ አናቱ ላይ ከአውራ ጣቱ የተነሳ ያብለጨልጫል። የፊት መስታወቷን ጠርዝ በነሐስ ቀለም ቀብተነው ነበር። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግሽ ነገር የለም። ሌላ የረሳሁት ካለም ጠይቂኝ፤ ሰው አትጠይቂ።

ለቀጫጭኖቹ ክፍሎች የሚሆን ከስስ ብረት የተቆረጠ ቅርጽ እልክልሻለሁ፤ እዚህ እጅግ የረቀቀ ተሠርቷል። ለወንድም ጋሼ ግን ስለ ግቢውም ስለ መኪናዋም ምንም እንዳትነግሪው አደራ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለአጎቴ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጻፉልኝ ዝርዝር ሁሉ ልክ ነው። የዓሣ ማጥመጃው ክርም አለ፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከግቢው ከተመለስኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ባትላሜራው አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው እየሳቁ ተቀበሉኝ። መኪናዋ ከግንቡ ሥር ናት። በሾፌሩ በኩል ያለው ፊቷ ተጨራምቷል፤ አረንጓዴው ቀለም ግን ኮፈኗ ላይ አሁንም አለ። ሣሩን ነቅለውልኝ ከርዝመቷ ጀምሬ ለካሁ። ከዚያ ውስጧን ለመለካት ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ዘረጋሁ፤ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።

እኔ ከአባቴ በአራት ጣት እረዝማለሁ። ተማሪዎቹ፣ "አስተማሪው መኪና የሚነዳው በደረቱ ነው" እያሉ እንደሚስቁበት አስታውሳለሁ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስቦ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ትራስ ጨምሮ ነበር የሚነዳው።

ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው ገፍቶት እንደሆነ ብዬ ባትላሜራውን ጠየቅኋቸው። ተንበርክከው ከወንበሩ ሥር አሳዩኝ። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ በግጭቱ ታጥፎ ወንበሩን ነክሶ ይዞታል። "ከዚያች ቀን ወዲህ ይህን ወንበር ፈጣሪ ካልሆነ በቀር ያንቀሳቀሰው የለም" አሉኝ። "ታዲያ ያኔ ለምን አልታየም?" አልኳቸው። "አንድ ሰው ተነስቶ እኔ ነኝ ካለ፣ ማን ወንበር ይለካል ልጄ?" አሉኝ።

እኔ ለካሁት። ለአባቴ ከሚሆነው አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው። በሞዴሉ ልኬት አምስት ሚሊሜትር ይሆናል። ቤተሰቡ ውስጥ ለዚያ የሚበቃ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰፈሩ "ቀርከሃ" ይለው የነበረ ሰው።

ሞዴሉ አልቆ ቀለሙ ደርቋል። የገብስ ቀለሙን ወንበርም ሠርቻለሁ፤ ሙጫ ግን አላስነካሁትም። አጎቴ፣ የሾፌሩን ወንበር የት ላጣብቀው?

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 25

ለአጎቴ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከታኅሣሥ ወዲህ ደብዳቤዎ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልክዎ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። አባቴ ግን ባለፈው እሑድ አነጋግሬዋለሁ፣ ጉንፋን ይዞታል አለኝ። እኔ ስደውል የሚይዝ ጉንፋን መሆኑ ነው።

የአባቴ ስድሳኛ ዓመት አለፈ። ሹራቡን ሰጠሁት፤ "ተመስገን፣ ሞቃት ነው" አለኝ። ሞዴሉን አልሰጠሁትም። ሁለት ወንበር ላላት መኪና አንድ ወንበር ብቻ አድርጌ እንዴት እሰጠዋለሁ?

እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ያኔ ከእስር በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጓደኞቼ አዩት። ወደ እሱ ሄጄ፣ "ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ። ሰው የሰበረ አባት አልፈልግም" አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ መልሶ አደረገና ሄደ። ከዚያ ወዲያ እስክመረቅ ድረስ አንድም ቀን አልመጣም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የእርስዎ እሽግ ጠበቀኝ፤ ነጭ መኪና ነበረች። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። አሁን ደስታዬን ሳስበው ያመኛል።

ከዚህ በኋላ አልጠይቅዎትም። ጠይቄያለሁ።


የካቲት 16

ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላምታ ለመጻፍ አፍሬ ነው፤ ይቅር በዪኝና በቀጥታ ልግባ።

ወንበሩን ካገኘሽበት ቦታ አጣብቂው። እኔ ነበርኩ።

ወደዚህ አገር ልሄድ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም፤ ወንድም ጋሼ ትንሽ በትንሽ ሲያስተምረኝ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ግን በማስተማሪያው መኪና። በዚያን ዕለት፣ "ሳልሄድ አንድ ጊዜ በእኛይቱ ልንዳ" ብዬ ለመንኩት። "እሷ ቀላል ናት፣ ስትነካት ትበራለች፤ ገና አልደረስክም" አለኝ። እንደ ሕፃን ነዘነዝኩት። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ስነዘንዘው ችሎ አያውቅም። ወንበሩን ራሱ ወደ ኋላ ገፋልኝ።

ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ጨርቅ በእቅፏ ይዛ ስትሻገር አየኋት። "ፍሬን" አለኝ፤ ረጋ ብሎ ነው ያለኝ፣ ተማሪ እንዳይደነግጥ እንደሚያደርገው። እኔ ነዳጁን ረገጥኩ። እሱ ደግሞ በልማድ በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠ። ማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ ያቺ የነበራት አንድ ነው። እግሩ ባዶውን ወለል ሲመታው ሰማሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም ብልሽ አልዋሸሁም።

መኪናዋ ሴትዮዋን ገጭታ ከግንብ ጋር ስትላተም ቆመች፤ ወርጄ ሴትዮዋን አንስቼ ከመንገዱ ዳር አስቀመጥኳት። እግሯን አየሁት። ወንድም ጋሼ ክንዴን ይዞ፣ "ሂድ" አለኝ። "አልሄድም" አልኩት። "ያስነዳሁህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የአስተማሪ ነው። አንተ ገና መንገድ አለህ፣ ሂድ" አለኝ። ሰው ሲሰበሰብ ሄድኩ። ልክ አድርጌ ልንገርሽ፦ አልገፋኝም። "ሂድ" አለኝ፣ እኔም ሄድኩ። በዘጠነኛው ቀን አገር ለቀቅሁ። እንደታሰረ የሰማሁት እዚህ ሆኜ ነው። ልመለስ አልኩ፣ "ብትመጣ ሁለታችንም እንታሰራለን፣ ልጄም ከውጭ የሚረዳት ታጣለች" አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ስላለኝ ደስ አለኝ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የሞዴል መኪኖቹን መላክ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ "አመሰግናለሁ አጎቴ" ብለሽ በጻፍሽ ቁጥር የወንድሜን ምስጋና እንደሰረቅሁ ይሰማኝ ነበር፤ መላኩን ግን አላቆምኩም፤ ደብዳቤሽ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም። እዚህ አገር አንድም ቀን መሪ ጨብጬ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለፈለግሽው ሰው አሳዪ።

አጎትሽ


መጋቢት 9

ለአጎቴ፦

ደብዳቤዎ ደርሷል። ጤናዎን ዛሬ አልጠይቅም፤ ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ለአባቴ ሰጠሁት። የሚጠርዘውን መጽሐፍ አስቀምጦ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ ወደ ኤንቨሎፑ መለሰና፣ "ማን ቆፍሪ አለሽ?" አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"የወሰድኩት የራሴን ድርሻ ነው። ያቺ መኪና አንድ ፍሬን ብቻ እንዳላት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ተማሪው አይደለም።"

"የእሱስ ድርሻ?"

"እሱ ያሳደግሁት ልጅ ነው" አለኝ።

"እኔስ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር" አልኩት። "እኔን ማን ሊያሳድገኝ ነበር?"

የሙጫውን ጣሳ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን አንድ ማዕድ ላይ እየበላን አልተነጋገርንም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ሞዴሉን እያየ ነበር። ወንበሩን ያኔ አጣብቄዋለሁ፣ አምስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ አድርጌ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። "የማርሹ እጀታ ረዝሞብሻል" አለኝ በመጨረሻ። ሞረዱን ሰጠሁት። ተቀምጦ ሞረደው፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። የመጽሐፍ ጠራዥ እጅ አይንቀጠቀጥም። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ልጅ ነበርሽ" አለኝና ሞረዱን አስቀመጠው።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። በየቅዳሜው እንደሚሄድ አውቅ ነበር፤ ተከትዬው ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አይታዘዛትም። የስፌት ማሽኗን በእግር የሚረገጠውን ነቅሎ በእጅ የሚዞር ያደረገላት እሱ ነው። ደብዳቤዎን ላነብላት ብል፣ "ተዪው፣ አውቀዋለሁ" አለችኝ።

"እኔን ያነሳኝ ረጅም ሰው ነበር። ሲያነሳኝ ፊቴ ከደረቱ በታች ነበር" አለች። "ሆስፒታል ተኝቼ ማን ገጨሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አባትሽ ከእስር ወጥቶ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ አንተን አላውቅህም አልኩት። ለምኖኝ ነው ዝም ያልኩት።"

"አሥራ አንድ ዓመት?" አልኳት።

"ያልበደለኝ ሰው እየመጣ ሲክሰኝ፣ የበደለኝ መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ነው ዓመቱ ያለፈው" አለችኝ። በንዴት አልተናገረችውም፤ መርፌ ላይ ክር እየሰካች ነበር።

የሰማሁትን ጻፍኩልዎ። የሚያደርጉትን እርስዎ ያውቃሉ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 27

ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላም ለአንቺም ለአባትሽም ይሁን።

ከሥራዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ካልመለሱኝም አይመልሱኝ። ግንቦት 3 ቀን ጠዋት እገባለሁ። የሆነውን ሁሉ በሰባት ገጽ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ አንዱ ቅጂ ለፖሊስ፣ አንዱ የወንድም ጋሼን ፈቃድ ለቀማው መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለእሷ ነው። የሚያስሩኝ ከሆነ ይሰሩኝ። ጊዜው አልፏል ብለው የሚመልሱኝ ከሆነም ቢያንስ ከመዝገቡ ላይ ስሙ ይሰረዝ።

ወንድም ጋሼ ስልኬን ማንሳት አቁሟል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ባነሳው ምን እንደምለው ግን እኔም አላውቅም።

ቤታችሁ አላርፍም፤ ማረፊያ ተከራይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ሴትዮዋ ልታየኝ ፈቃደኛ መሆኗን ጠይቂልኝ። አልፈልግም ካለች ከበሯ አልደርስም፤ የጻፍኩትን ባንቺ እጅ እልክላታለሁ።

ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው ብናገር ያጽናናኝ ነበር፤ አንቺ እንደማታጽናኚኝ ስለማውቅ ላንቺ ጻፍኩት።

አጎትሽ


ሚያዝያ 14

ለአጎቴ፦

እንዴት ሰነበቱ?

የጠየቁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ማንን ማነጋገር እንዳለብዎ አጣርቻለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም አሮጌውን ፋይል ከሥር አውጥቶ አቧራውን አራገፈና፣ "በራሱ እግር ነው የሚመጣው?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ለሕጉ የሚሆነውን ሕጉ ያውቃል፤ ጠበቃ ግን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል፤ የአንዱን አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ባትላሜራውም ከተፈለግሁ ቀርቤ እመሰክራለሁ፣ ወንበሩንም አሳያለሁ ብለዋል።

ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት። ጨርቁን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች። "ይምጣ" አለችኝ። "ግን ጠዋት ይምጣ፤ ከሰዓት ደንበኞች አሉኝ።" ይቅር ትልዎ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሱን እርስዎ ይጠይቋት።

አባቴ ስልክዎን የማያነሳው ተቆጥቶ ነው ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ሲጠራ ስልኩን በእጁ ይዞ ያየዋል፤ እስኪቆም ይጠብቅና ያስቀምጠዋል። ትናንት፣ "ምን ብዬ ላነጋግረው? እኔም እኮ ሂድ ብዬዋለሁ" አለኝ። ሁለታችሁንም አንድ ቃል አንቋችኋል። ስትገናኙ እንደምንም ተገላገሉት።

ስለ ራሴ ልንገርዎ፤ ኋላ ቅር እንዳይልዎ። ግንቦት 3 ከአባቴ ጋር ሆኜ ልቀበልዎ እመጣለሁ። እሱ ያቅፍዎታል፤ አውቀዋለሁ። እኔ እጅዎን እጨብጣለሁ፤ በዚያን ዕለት ከዚያ በላይ ከእኔ አይጠብቁ። እወድዎት ነበር፤ አሁንም አልጠላሁዎትም። በመካከሉ ያለውን ነገር ስሙን አላውቀውም፤ ጊዜ ይስጡኝ።

ማረፊያ መከራየትዎን ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ከሥራ በፊት የመኝታ ክፍሉን መስኮት ከፍቶ፣ የመጽሐፍ ቁልሉን ከጥግ አንስቶ፣ ሁለተኛውን አልጋ ሲያነጥፍ አየሁት። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝና፣ "ለአጎትሽ ስትጽፊ፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ አለ፤ ስስ ልብስ ለብሶ እንዳይመጣ በዪው" አለኝ።

ይኸው ነግሬዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ